ያረጀ ላንድሮቨር መኪና በቤት ስለ መጠበቅና ስለ ማሻሻል

ከዋናው መንገድ ርቆ ባለ ወረዳ፣ በአራቱም ጎማው የሚጎትት አንድ መኪና የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። ዘር በጊዜው ከገበሬው ደጅ የሚደርሰው፣ የከብት ሐኪሙ ክትባቱ ሳይሞቅበት ወደ ግጦሹ ስፍራ የሚሄደው፣ ምጥ የጠናባትም ሴት በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት የምትወሰደው በዚሁ መኪና ነው። መኪናው በቆመ ቀን ይህ ሁሉ ሥራ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ አገር የሚያስተዳድር ሹምም ሆነ ባለ እርሻ፣ ያረጀ መኪናውን መጠበቅ እንደ ትርፍ ነገር ሳይሆን የጎተራውን ክዳን እንደ ማደስ አድርጎ ሊቆጥረው ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑን ባስታወቀ ጊዜ ደግሞ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና የመጠበቁ ነገር ከቀድሞው ይልቅ የሚታሰብበት ሆነ።

በዚህ ጽሑፍ ምሳሌ ሆኖ የቀረበው ላንድሮቨር ነው፤ ይህ መኪና ከመነሻው ለእርሻ ሥራ የታሰበ ነውና። በእንግሊዝ አገር የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ በእርሻው ላይ ሲሠራበት ቆይቶ፣ ለገበሬ የሚሆን እንደዚያ ያለ መኪና ኩባንያው እንዲሠራ አሰበ። መኪናውም ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ ማለት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1948፣ በአምስተርዳም የኦቶሞቢል ትርዒት ለሕዝብ ታየ። በዚያን ጊዜ ብረት በእንግሊዝ አገር በልክ የሚታደል ስለ ነበረ፣ የላይኛው አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ሁሉን የሚሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው ዓይነት በ1950 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው ዓይነት በ1964 ዓ.ም. ወጣ፤ ይህም ሦስተኛው በፈረንጆች እስከ 1985 ድረስ ተሠርቷል። ከዚህ በታች የሚነገረው ልክና ቁጥር ሁሉ ለእነዚህ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ይኸውም ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 88 ኢንች ለሆነው፣ 2,286 ሴንቲ ሜትር ኩብ የቤንዚን ሞተር ላለው አጭር መኪና ነው። ቶዮታ ላንድክሩዘር ወይም ሌላ ዓይነት ያለው ሰው የአሠራሩን ሐሳብ ከዚህ ሊወስድ ይችላል፤ ልኩን ግን ከመኪናው መጽሐፍ ይመልከት።

እንደዚህ ያለው መኪና በዕድሜ ብዛት ብቻ የሚሞት አይደለም። የሚገድሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በሻንሲው ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ጭቃ፣ በዘይት ቦታ የሚገባ ውኃ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ መቆም ሳይማር እንዲሮጥ የሚያደርገው የባለቤቱ ጕጕት። ባለ መኪናው ገንዘብ ባገኘ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ትልቅ ሞተርና ስለ ሰፊ ጎማ ነው፤ የሚሻለው ግን ይህን ወደ መጨረሻ አቆይቶ፣ ከፍሬኑ መዠመር ነው።

ሥራ ከመዠመሩ በፊት አንድ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት፤ ባለማወቅ ሰው የሚጎዳበት ነውና። በዚህ መኪና ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን አይደለም፤ ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክስል የሚሄደውን ዘንግ ነው። በዚህ ምክንያት ከኋላ ጎማዎች አንዱ በክሪክ ከመሬት የተነሣ እንደ ሆነ፣ ዲፈረንሻሉ የተነሣውን ጎማ በነጻ ስለሚያዞረው፣ የእጅ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተስቦም ቢሆን መኪናው ሊንከባለል ይችላል። ስለዚህ ክሪክ ከመግባቱ በፊት መሬት በሚይዙት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግ፤ ቦታውም ደልዳላ ይሁን። በክሪክ ብቻ ከተንጠለጠለ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ፤ ከሻንሲው በታች ጠንካራ ድጋፍ ከቆመ በኋላ ብቻ ይገባል። ይህ ትእዛዝ ለሾፌሩና ለረዳቱም እንዲነገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ከመኪና ሥር የሚገባው ረዳቱ ነውና።

ከዚህ በኋላ የሚመረመረው ሻንሲው ነው። ሻንሲው ከቆርቆሮ ታጥፎ እንደ ሣጥን የተበየደ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ነው፤ የሚበላውም ብዙውን ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከላይ ቀለሙ ደኅና መስሎ የሚታይ ሻንሲ፣ ውስጡ እንደ ተምች ቤት ተቦርቡሮ ሊገኝ ይችላል። ሁሉን አስቀድሞ በውኃና በብሩሽ ማጠብ፣ ከዚያ በትንሽ መዶሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ መምታት ነው፤ ደኅናው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን የደነቆረ ድምፅ ያሰማል፣ ወይም መዶሻው ይሰምጥበታል። በተለይ የሚመረመሩት ቦታዎች በስተኋላ በኩል በአግድም የተጋደመው ብረት፣ ባሌስትራዎቹ የሚሰቀሉባቸው ስፍራዎችና አካሉ የሚያርፍባቸው የጎን ክንዶች ናቸው፤ ጭቃ ታሽጎ የሚቀመጠው በእነዚህ ላይ ነውና። የደጋው አየር ደረቅ በሚሆንባቸው ወራት ሻንሲው ከእንግሊዝ አገር ይልቅ በብዙ ይድናል፤ ወደ ባሕር ዳርቻ ወይም ወደ ጨው አገር የሚወርድ መኪና ግን በተመለሰ ቍጥር ከሥሩ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። ክረምት ሲወጣ፣ ሻንሲው ደርቆ ሳለ፣ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ወፍራም ዘይት ወይም የቀለጠ ሰም ወደ ውስጥ መርጨት ርካሽና ጥሩ መድኃኒት ነው።

የተበላውን ቦታ በብየዳ መለጠፍ የሚያስፈልግ እንደ ሆነ፣ የተበላው ብረት እስከ ደኅናው ድረስ ተቈርጦ ይውጣ፤ በዝገት ላይ ዝገት መበየድ ገንዘብ መጣል ነው። የቤንዚኑ ታንክ ከፊት ወንበር ሥር መሆኑንም መርሳት አይገባም። በዚያ አቅራቢያ ከመበየዱ በፊት ታንኩ ወጥቶ ከስፍራው ይራቅ፤ ባዶ ታንክ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ቤንዚኑ ሳይሆን ጋዙ ነውና። የባትሪውም ገመድ ይፈታ። ስለ አሉሚኒየሙ ደግሞ፣ ብረትና አሉሚኒየም በእርጥበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ እንደ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፤ ስለዚህ አንድ ክፍል ተፈትቶ ሲመለስ በሁለቱ መካከል ቀለም ወይም ስስ ላስቲክ ማግባት መልካም ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ ነገር መምጣት ይቻላል። ብዙ ሰዎች ዘይት ሲባል የሞተሩን ብቻ ያስባሉ፤ የሞተሩም ዘይት 6 ሊትር ያህል ሲሆን፣ ማጣሪያው አብሮ ሲለወጥ 0.85 ሊትር ይጨመርበታል። በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና ግን ከሞተሩ ሌላ ዘይት የሚሻባቸው ስድስት ቦታዎች አሉት። ካምቢዮው 1.5 ሊትር ይይዛል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ኀይልን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሣጥን 2.5 ሊትር፤ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎች እያንዳንዳቸው 1.75 ሊትር ይይዛሉ። የቀሩት ሁለቱ እጅግ የሚዘነጉት ናቸው፤ እነርሱም በፊት ጎማዎች አጠገብ፣ መሪው ሲዞር አብረው የሚዞሩት ክብ የብረት ኳሶች ያሉባቸው ቤቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሊትር ይይዛሉ። በእነዚህ በስድስቱ የሚገባው ወፍራሙ ቁጥር 90 የማርሽ ዘይት ነው። በእያንዳንዱ ላይ አንድ የመሙያ ቡሎን አለ፤ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ቡሎኑ ሲፈታ፣ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ ትክክል ሊታይ ይገባል። መፍቻው ከሚወርደው ይልቅ የሚሞላው ቡሎን አስቀድሞ ይፈታ፤ የደረቀ የመሙያ ቡሎን እንቢ ብሎ ዘይቱ ቀድሞ የፈሰሰበት ሰው፣ መኪናውን ከግቢው ማስወጣት አይችልም።

የሚወርደው ዘይት መልክ ብዙ ነገር ይናገራል። ጥቁር ቢሆን ሥራውን የጨረሰ ነው። ወተት የገባበት ቡና መስሎ የወረደ እንደ ሆነ ግን ውኃ ገብቶበታል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ ሲሻገር የሆነ ነው። ሲሄድ የሞቀ አክስል በድንገት በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃውን በላስቲኮቹ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ይህን ለመከላከል በአክስሉ ላይ ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳ ተሠርቷል፤ በጭቃ ተደፍኖ ሲገኝ በሽቦ መክፈት ነው። ውኃ የገባበት ዘይት ለአንድ ሳምንት እንኳ አይቆይ፤ ኩሽኔታውን ይበላዋልና። ብርማ ብናኝ ጥቂት ቢታይ አያስፈራም፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ከወጣ ግን መኪናው ረጅም መንገድ አይሂድ።

ስለ ወንዝ ከተነሣ፣ ብዙ ሾፌሮች የማያውቁት አንድ ቡሎን አለ። ፍሪሲዮኑ ካለበት ቤት በታች አንድ ቀዳዳ ይገኛል፤ ይህም ከሞተሩ የሚያንጠባጥብ ዘይት ፍሪሲዮኑን ሳያበላሽ እንዲወጣ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ከጥልቅ ውኃ በፊት በቀዳዳው ቡሎን ይገባበታል፤ ከውኃው ማዶ እንደ ደረሱ ደግሞ ይወጣል። ክረምቱን በሙሉ ተዘግቶ የቆየ እንደ ሆነ ዘይቱ ይጠራቀምና ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይዠምራል፤ ከዚያ በኋላ ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ይሆናል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ቸል ስለ ተባለ የሁለት ቀን ሥራ ይመጣል ማለት ነው።

ወደ ፊቶቹ ኳሶች ስንመለስ፣ የኳሱ ፊት የተወለወለ መሆን አለበት። ጠጠርና ጭቃ ፈግፍጎት ጉድጓድ ጉድጓድ ያለ እንደ ሆነ አዲስ ላስቲክ ቢገባበትም ዘይቱን አይዝም። ብዙ የሚያንጠባጥበውን አሮጌ ኳስ በዘይት ፋንታ ለዚሁ ተብሎ በሚሠራ ለስላሳ ግራሶ መሙላት በኋላ ዘመን የመጣ ዘዴ ነው፤ መጥፎም አይደለም፤ ተራ የኩሽኔታ ግራሶ ግን አይሆንም፤ ወፍራም ስለ ሆነ ወደሚፈለግበት አይደርስም። በአንዳንድ መኪና ደግሞ በፊት ጎማዎች እምብርት ላይ በእጅ የሚዞር መቈለፊያ ተገጥሞ ይገኛል። ይህ መቈለፊያ ሲፈታ የፊቱ አክስል ሳይዞር ስለሚቀር ነዳጅ ጥቂት ይቈጥባል፤ ነገር ግን ዘንጎቹ ካልዞሩ ዘይቱ ወደ ላይኛው የኳሱ መቀመጫ አይወጣም። ስለዚህ በበጋም ቢሆን በየጊዜው ቈልፎ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት ያሻል፤ አለዚያ ቍጠባው ኪሳራ ይሆናል።

የፍሬኑ ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ፣ ወይም የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጭነት ይዞ ያየ ሰው ይህን አይስትም። በዓባይ ሸለቆ መንገዱ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቍልቍለት ይወርዳል፤ መኪናው በከፍታ የያዘው ኀይል ሁሉ ወደ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት፤ ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ከወረደ ይህ ሙቀት ሁሉ በአራት የብረት ከበሮዎች ውስጥ ይከማቻል። ከበሮው ሲግል ይሰፋል፤ ሸራውም መያዙን ይተዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን በቱቦው ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ አዲስ ሳለ ዶት 3 የሚባለው ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ሲጠበቅበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ልኩ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው 230 ሲሆን፣ እርጥቡ 155 ነው። ዘይቱ የፈላ እንደ ሆነ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ የሚታመቅ ነገር ስለ ሆነ፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ይህ የሚሆነው በገደሉ አፋፍ ላይ እንጂ በግቢ ውስጥ አይደለም፤ ስለዚህ ግቢ ውስጥ ተሞክሮ «ፍሬኑ ደኅና ነው» መባሉ አያረካም።

የፍሬኑ ዘይት በየሁለት ዓመቱ ተጠርጎ ይለወጥ። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሁለተኛው በየጎማው ኋላ ያለውን ትንሽ መተንፈሻ ይከፍታል፣ ፔዳሉ ሳይለቀቅም ይዘጋል። ከሩቁ ጎማ ተዠምሮ ወደ ቅርቡ ይመጣል፤ የዘይቱ ዕቃ መካከል ላይ እንዳይጎድል ሦስተኛ ሰው ቢጠብቀው ይሻላል፤ ባዶ ከሆነ አየር ይገባና ሥራው እንደ ገና ከመዠመሪያው ነው። በፍሬን ውስጥ የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው ላስቲኮቹን ሁሉ አበላሸ ማለት ነው፤ ላስቲኮቹ ሳይለወጡ መኪናው አይነዳ። ከዚያ በየከበሮው ጀርባ ያለውን ማስተካከያ ጎማው እስኪያዝ ድረስ አጥብቆ፣ ቀጥሎም ጎማው በነጻ እስኪዞር ድረስ ጥቂት ማላላት ነው። ፔዳሉ ሁለት ጊዜ ካልተረገጠ አልይዝ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ማስተካከያ መረሳቱ ነው።

ከበሮው በተከፈተ ጊዜ ሸራው ዘይት ጠጥቶ የተገኘ እንደ ሆነ፣ በቤንዚን አጥቦ መመለስ ራስን ማታለል ነው፤ ሲሞቅ ዘይቱ እንደ ገና ይወጣል። ዘይት ያፈሰሰው የአክስሉ ላስቲክ አስቀድሞ ተለውጦ፣ ከዚያ አዲስ ሸራ በሁለቱም ወገን፣ በቀኝና በግራ፣ ይግባ። በአንድ ወገን ብቻ አዲስ ሸራ ያለው መኪና ሲቆም ወደ አንድ ጎን ይስባል። የአሮጌ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ የሚባለውን ለሳንባ አደገኛ የሆነ ነገር ሊይዝ ስለሚችል፣ በአፍም ሆነ በአየር ፓምፕ አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ ይቀበር።

ፍሬኑ ይህን ሁሉ ካገኘ በኋላም ቍልቍለትን የሚያወርደው ሞተሩ መሆን አለበት። በላንድሮቨር ውስጥ ከዋናው የማርሽ ዘንግ ሌላ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ባለ ቢጫ እጀታ ሲሆን፣ ወደ ታች ሲጫን የፊት ጎማዎችን በተራው ማርሽ ያገናኛል፤ ሁለተኛው ባለ ቀይ እጀታ ነው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ወደ ኋላ ሲሳብ ዝቅተኛውን የጉልበት ማርሽ ያስገባል፤ አራቱም ጎማዎች ያን ጊዜ በራሳቸው ይያያዛሉ። እጅግ ለበረታ ቍልቍለት ይህ ዝቅተኛ ማርሽ ነው የሚሆነው፤ የሚያዘውም ቍልቍለቱ ሳይዠመር ነው፤ መኪናው መንደርደር ከዠመረ በኋላ ማስገባት አይቻልም። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን አራቱን ጎማ አያይዞ መሄድ አይገባም። በፊትና በኋላ መካከል ዲፈረንሻል የሌለው በመሆኑ፣ በየመታጠፊያው የሚፈጠረው ልዩነት መውጫ ያጣና ዘንጎቹን እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ያስጨንቃቸዋል። በጭቃ፣ በአሸዋና በጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ይህ ጭንቅ አይኖርም። ቢጫውን ለማስለቀቅ መኪናውን አቁሞ ቀዩን ወደ ኋላ መሳብና እንደ ገና ወደ ፊት መመለስ ነው።

ሞተሩን በተመለከተ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋው ደጋውን ካለማሰብ ነው። ከባሕር ወለል በላይ በየ100 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ ከመቶ አንድ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ በባሕር ዳርቻ 70 የፈረስ ጉልበት ያህል የነበረው ሞተር በዚያ ከአራት እጅ አንዱን ገደማ አጥቶ ይሠራል። በዚህም ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ቅልቅሉ ይበዛል። ባለ መኪናው ሞተሩ ደከመ ብሎ ቴስታታውን ከማስከፈቱ በፊት ካንዴላዎቹን ፈትቶ ይመልከት። ጫፋቸው የደረቀ ጥላሸት የለበሰ እንደ ሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ካርቡራተሩ ይስተካከል፣ ለደጋ የሚሆን ጠባብ ቀዳዳ ይግባበት። ፈዘዝ ያለ ቡና መልክ ጤና ነው። እርጥብና ዘይት የነካው ጥቍረት የተገኘ እንደ ሆነ ግን ያን ጊዜ ስለ ፋሻውና ስለ ቫልቮቹ መጠርጠር ተገቢ ነው። የካንዴላው ክፍተት ከ0.75 እስከ 0.80 ሚሊ ሜትር፣ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እሳቱን የሚቆርጡት ነጥቦች ክፍተት በብዙዎቹ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር፣ የቫልቮቹም ክፍተት 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ቀን በቤት የሚስተካከሉ ናቸው፤ የሚያስፈልገውም የውፍረት መለኪያ ምላጭና ጥቂት መፍቻ ብቻ ነው።

አየር ማጣሪያው በዘይት የሚሠራ ስለ ሆነ ወረቀት መግዛት አያስፈልግም፤ ነገር ግን በአቧራ ወራት ሳህኑ በየሳምንቱ ይውረድ፤ በታች የረጋው ጭቃ ይጠረግ፤ 0.85 ሊትር ንጹሕ የሞተር ዘይት እስከ ምልክቱ ይሞላ። የተረሳ ማጣሪያ ፋሻውን በአንድ በጋ ይጨርሰዋል። በመኸር ጊዜ ደግሞ ከአውድማ አጠገብ የሚቆም መኪና የራዲያተሩ ፊት በገለባና በእብቅ ይደፈናል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በውኃ ማስወጣት እንጂ ከፊት ወደ ውስጥ መግፋት አይገባም። በ2,400 ሜትር ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ መያዙ በደጋ ይልቁን ያስፈልጋል፤ ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ትንሽ ዋጋ ያለው ሆኖ ሳለ ትልቅ ሞተር ያቃጥላል። የጉድጓድ ውኃ ድንጋይ ስለሚያበቅል የዝናብ ውኃ ይሻላል። ኤታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን የድሮውን ዓይነት የቤንዚን ቱቦ ስለሚያላላው፣ ቱቦዎቹ ለዚህ በሚሆኑ አዲሶች ይለወጡ።

እንግዲህ ስለ ማሻሻል ነው። ገንዘብ ያለው ሰው በመዠመሪያ የሚያወጣው በፍሬን ላይ ይሁን፤ የቀድሞዎቹ መኪናዎች የፍሬን ቱቦ አንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ በአንድ ጎማ የተቀደደ ቱቦ አራቱንም ፍሬን ያሳጣል። በኋለኞቹ የሦስተኛው ዓይነት መኪናዎች ላይ የመጣው የፊቱንና የኋላውን የለየ ሁለት ክፍል ያለው ዋና ፓምፕ፣ ከእግር ጉልበት ረዳቱ ጋር፣ በቀድሞዎቹ ላይ ሊገጠም ይችላል፤ ከዚህ የሚሻል ማሻሻያ የለም። ሁለተኛው የወንበር ቀበቶ ነው፤ ቀበቶው በስሱ አሉሚኒየም ላይ ሳይሆን ከሻንሲው ጋር በተያያዘ ጠንካራ ብረት ላይ ይታሰር። ሦስተኛው መብራት ነው። በአሮጌው አሠራር የፊት መብራቱ ኤሌክትሪክ ሁሉ በቀጭን ሽቦና በትንሽ መቀየሪያ ስለሚያልፍ መብራቱ ይደክማል፤ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ የሚመጣ ማስተላለፊያ ሲገባበት ያው አምፑል እጅግ ይበራል። በዲናሞው ፋንታ አልተርኔተር ማስገባትም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ የባትሪው የትኛው ወገን ከሻንሲው እንደ ታሰረ ይመርመር። በቀድሞዎቹ መኪናዎች የታሰረው አዎንታዊው ወገን ነው፤ ይህ ሳይገለበጥ አልተርኔተር የገጠመ ሰው በዚያው ቅጽበት ያቃጥለዋል። ነጥቦቹን የሚተካው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያም ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ የቀድሞዎቹ ነጥቦች ግን ከመኪናው ውስጥ አይጠፉ፤ መሣሪያው በበረሃ ቢሞት በምላጭና በመፍቻ የሚጠገነው አሮጌው ነውና።

ሰፊ ጎማ ግን ይቅር ማለት ይሻላል። የአጭሩ ላንድሮቨር ጎማ 6.00 በ16 ነው፤ ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ሲገጠም መሪው ይከብዳል፣ ማርሹ ይረዝማል፣ ፍሬኑ ይደክማል፤ በኋላ አክስል ውስጥ ያሉት ዘንጎች ከቀድሞም ደካማ ስለ ሆኑ ይሰበራሉ። የኋላ ዘንግ በመንገድ ላይ የተሰበረ እንደ ሆነ ስባሪውን አውጥቶ የፊቱን አክስል በማገናኘት ቀስ ብሎ ቤት መድረስ ይቻላል፤ የእጅ ፍሬኑ ግን በዚያን ጊዜ የፊቱ አክስል ካልተገናኘ እንደማይዝ ይታወቅ፤ ታኮ የያዘ ረዳት ይኑር። ፍጥነት የሚጨምረው ተጨማሪ ማርሽም ሜዳ ላይ ነዳጅ ይቈጥባል፤ ጉልበቱን ለደጋው ለከፈለ ሞተር ግን ብዙ አይጠቅመውም።

ስለ ናፍጣ ሞተር ብዙ ይጠየቃል። ከ1989 ጀምሮ በፈረንጆች ዘመን የወጣው 2,495 ሴንቲ ሜትር ኩብ 200 ቲ.ዲ.አይ. የሚባለው የላንድሮቨር የራሱ ሞተር በአሮጌው ውስጥ በብዙ ቦታ ይገጠማል። ይህ ሞተር አየሩን በተርቦ ስለሚጨምቅ በደጋ የሚያጣው ጉልበት ጥቂት ነው፤ ነዳጁም ይቀንሳል። ሆኖም በዲስከቨሪ መኪና ላይ 111 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር፣ ለ70 በተሠራ ካምቢዮ፣ ለ70 በተሠሩ ዘንጎችና ለ70 በተሠራ ፍሬን ላይ ሲቀመጥ፣ አዲሱ ጉልበት አሮጌውን ይሰብራል። ስለዚህ ይህን የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሻንሲውን ድምፅ በመዶሻ የሰማ፣ ስድስቱን የዘይት ቦታዎች ንጹሕ አድርጎ ያየ፣ ፍሬኑንም ወደ ሁለት ክፍል የለወጠ መሆን አለበት፤ ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ ሞተሩ ይቅር።

በመጨረሻም በመኪናው ውስጥ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ዘይት የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ ከየቦታው የወረደው ዘይት መልክ፣ የተፈታና የተለወጠ ዕቃ ሁሉ በሾፌሩ እጅ ይጻፍበት። ሾፌር ቢለወጥ ደብተሩ ይቀራልና፣ አዲሱ ሾፌር የፊቱ የግራ ኳስ ካለፈው መስከረም ጀምሮ እንደሚያንጠባጥብ ከመዠመሪያው ቀን ያውቃል።